የአልታየች ሸክላና ፊልሙ

ጥር 3 ቀን 1979

ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌ ስብሰባ። ስሜ ሲጠራ አቤት ብዬ ተቀመጥኩ። ምን እንደተባለ ግን ብዙም አልሰማሁም። ከዚያ እንደ ወትሮዬ ወደ ሙሄዲን ልብስ ስፌት ቤት። የቀሚሴን ጠርዝ አጥፎልኛል፤ አንዱ ጎን ረዝሟል። አስፈታሁት።

«እትዬ አስካለ፣ ጡረታ የወጡት ከማስተማር ነው እንጂ ከማረም አይደለም» አለኝ።

ይሳቅ። የረዘመው ግን ረዝሟል።

ሸክላውን አጫወተልን። «የሐብሩ ሌሊት»ን። የመርሳዋ አልታየች ከአብዮቱ በፊት አዲስ አበባ ሄዳ ያስቀረፀችው ነው። በሁለት ገጹ ስምንት ዘፈን። ወልድያ ውስጥ እኛ የምናውቀው ይኸው የሙሄዲን ብቻ ነው። እሑድ እሑድ እሱ፣ እኔና የባንኩ ዓለምነህ ቁጭ ብለን እንሰማዋለን። ዘፈን የምወድ ሰው አልነበርኩም። እኔ በተማርኩበት ቤት ያንጎራጎረች ልጅ ትንበረከክ ነበር። ይህን ግን ወደድኩት። ቃሏ ጥርት ያለ ነው፤ አትውጠውም፣ አታንዛዛውም። ስምንቱንም በቃሌ ይዣለሁ። ዓለምነህ ሲያንጎራጉር ቃል ያዘዋውራል። አርመዋለሁ።

ዛሬ ዘግይቶ መጣ፤ ወሬ ይዞ። ከአዲስ አበባ ፊልም አንሺዎች ሊመጡ ነው። ስለዚህ ሸክላ ዘጋቢ ፊልም ሊሠሩ! ሙሄዲን መቀሱን አስቀመጠ። ሦስታችንም ባንድ ላይ ማውራት ጀመርን።

ጥር 6

የሚያወሩት ሌላ የለም። ሙሄዲን የሸክላው ሽፋን በፊልሙ ላይ ጎላ ብሎ እንዲታይ ይፈልጋል። ከጥግ በኩል የተቀደደውን በስስ ጨርቅ ሊደግፈው አስቧል፤ ተው አልኩት። ዓለምነህ ዘፈኑ የደሴ ሳይሆን የመርሳው አገር የሐብሩ መሆኑ እንዲነገር ይፈልጋል። እዚያ ጉዳይ ላይ ከባንክ ሥራው በላይ ይጨነቃል።

እኔስ? እኔ ቃሉ ሳይዛነፍ እንዲቀር። አልታየች ካሜራ ፊት ትዝፈነው፤ እንደነበረው ይቀረፅ፤ ከኛ በኋላ የሚመጣ ሰው ትክክለኛውን ይስማ። ይኸው ነው። ብዙ ነው እንዴ?

ጥር 10

ፊልሙ ላይ ስለ ሸክላው የሚናገር ሰው ያስፈልጋል ተባለ። ሁለቱም እኔን አሉ። «እርስዎ ሲናገሩ ሰው ጸጥ ይላል» አለ ዓለምነህ። አልቀበልም አልኩ። ቤት ገብቼ ግን የምለብሰውን መረጥኩ።

ጥር 16

መርሳ። ከዓለምነህ ጋር በአውቶቡስ። ሲሪንቃ ላይ ከእርሻ ምርምሩ ሰዎች ተሳፍረው ቦታው ጠበበ፤ ችግኝ የያዘ ሰውዬ ጉልበቴ ላይ አፈር አራገፈብኝ።

አልታየችን እስከ ዛሬ በዓይኔ አይቻት አላውቅም ነበር። ከመኪና መቆሚያው ወረድ ብሎ ጠጅ ቤት አላት። እኔ ጠጅ ቤት ገብቼ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ አልጀምርም ብዬ ደጁ ላይ ቆምኩ። ዓለምነህ ገብቶ ጠራልኝ። አጭር ሴት ናት። የፊት ጥርሷ ወልቋል። እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ወጣችና ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ።

ግጥሞቹን ታስታውሻቸዋለሽ ወይ አልኳት። ሳቀች።

«ሸክላው እኔ ዘንድ የለም እኮ እትዬ። እናንተ ዘንድ ነው ያለው አሉ።»

የራሷ ሸክላ የላትም! እዚያው ደጁ ላይ በርጩማ አስመጥቼ ስምንቱንም አንድ በአንድ አስጠናኋት። እንደ ጎበዝ ተማሪ ፊት ለፊቴ ቆማ ሰማችኝ። እሺ እትዬ፣ እሺ። ውስጥ የነበሩት ጠጪዎች በበሩ እያዩ ይሳሳቃሉ። አንዱ ነገ ፈተና አለሽ ወይ አላት።

ረክቼ ተመለስኩ። ደህና ሠርቻለሁ።

ጥር 23

ተቀረፀ። ዛሬ አልጽፍም።

ጥር 24

ይጻፍ።

የፊልሙ ኃላፊ ጌትነት የሚባል ትሁት ሰው ነው። ቤንዚን የተፈቀደላቸው ለአንድ ቀን ብቻ ስለሆነ ይቸኩላል። የመርሳ ሰው ግልብጥ ብሎ መጥቶ ስለነበር ለድምፁ ሲባል ሁሉንም ከመኪናው ወዲያ መለሱት። ሙሄዲንና ዓለምነህም እዚያው ቀሩ። ከጓሮ፣ ከግራሩ ሥር፣ አልታየችና ካሜራው። እኔን ሸክላውን ያውቃሉ ብለው ከአጠገቧ አስቀመጡኝ።

ክራሯን ራሷ ነው የምትመታው። ጀመረች። ድምጿ ከሸክላው ወፍሯል፤ ግን ያው እሷ ናት። የመጀመሪያውን ስንኝ እንዳስጠናኋት አለችው…

መኪናው ሲመጣ አቧራው ቀደመኝ፤
ፊትህን ሳላየው ዓይኔን አሳመመኝ።

ከዚያ መዝፈኗን አቆመች። ክራሩ ይቀጥላል፤ ድምጿ ግን የለም። አንገቷን ወደኔ ዘንበል አደረገችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ረሳችው አልኩ በልቤ። አንድ ዙር አለፈ። ሁለተኛው። አሁንም ታየኛለች፤ ፈገግ እንደማለት ብላ። አላስቻለኝም።

«ረስተሽዋል። እንዲህ አይደለም የሚለው። እንደገና ከመጀመሪያው በይ» አልኩ። ክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ።

ክራሩ ዝም አለ። ፈገግታው ከፊቷ ላይ ሲወርድ አየሁት። ጌትነት ግድ የለም፣ እንቀጥል፣ ይቆረጣል ይላታል። እሷ ክራሯን ከጭኗ ላይ አንስታ ግራሩ ላይ አስደገፈች።

«ከበቂ በላይ የሚያውቁት ካሉ እሳቸው ይዝፈኑላችሁ» ብላ ወደ ቤቷ ገባች። በቁጣ አይደለም። ቀስ ብላ።

ለመኗት፤ አልወጣችም። ፀሐይ እየዘቀዘቀ ነው። ጌትነት ወደኔ ዞሮ እንግዲያው እርስዎ ይንገሩን አለ።

ነገርኳቸው። አማርኛዬ አልተደነቃቀፈም።

ጥር 25

ለምንድነው የተናገርኩት?

የካቲት 1

እሑድ። ሙሄዲን ዘንድ። አልታየች ካሜራ ስታይ ደንግጣ ዘፈኗ ጠፋባት ተብሎ ተወርቷል። ጠጥታ ነበር የሚሉም አሉ። ማን እንዳስወራው አላውቅም። እኔ አይደለሁም። ግን እንዲያ አይደለም ያለ ሰውም የለም፤ ማለት ያለበት ሰው ደግሞ አንድ ነው።

ሙሄዲን አዘነ። በጎረምሳነቱ መርሳ ሲነግድ ማታ ማታ እሷ ቤት ይሄድ እንደነበር አወራን። ስንኝ ትልና ታቆማለች፤ አንገቷን ወደ አንዱ ዘንበል ታደርጋለች። ያ ሰው ተቀበይ ይልና አዲስ ግጥም ይሰጣታል። እሷ ተቀብላ ታዜመዋለች። ግጥም ካልተሰጣት ክራሯን እየመታች ትጠብቃለች እንጂ አትቀጥልም። መርጣ ነው የምታዘነብለው አለ፤ አንድ ቀን ወደሱ አዘንብላ ለሳምንት ያህል እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

መርፌ እጄን የወጋኝ መሰለኝ።

«ያን ቀን ግጥም የሚሰጣት ሰው አልነበረም እንዴ እትዬ?» አለኝ።

«አልነበረም» አልኩ።

የካቲት 2

ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ግጥም የሚሰጥ ሰው በእርግጥ አልነበረም… እንዲህ ያለውን መልስ ያመጣ ተማሪ ስንቴ ቀጥቻለሁ።

አክብራኝ ነበር። ደጇ ላይ አቁሜ እንደ ሕፃን ያስጠናኋት ሴት፣ ያ ሁሉ ፊልም አንሺ እያለ፣ ወደኔ አዘነበለች።

የካቲት 19

ዓለምነህ ለባንኩ ሥራ መርሳ ወርዶ ነበር። ጠጪዎቹ ያሾፉባታል አለ። ሂሳብ ሲከፍሉ እንዳትረሺው ይሏታል። ክራሯን ከግድግዳው ላይ አውርዳዋለች፤ አትዘፍንም። እንዴት ያሳዝናል እትዬ አለኝ። ያሳዝናል አልኩት።

መጋቢት 12

ፊልሙ መጣ። ጌትነት ወደ መቀሌ ሲያልፍ ይዞት መጥቶ በቀበሌ አዳራሽ አሳየን። ግድግዳው ላይ አንሶላ ተወጠረ። ሙሄዲን አዲስ ኮት ለብሷል፤ የሸክላው ሽፋን ሲታይ ክንዴን ያዘኝ። ሐብሩ ተብሎ ተጠራ፤ ዓለምነህ አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን ጠረገ። የጓጉለትን ሁሉ አገኙ።

አልታየችስ? ከሸክላው ላይ የወጣት ድምጿ ይሰማል። መርሳ፣ መንገዱ፣ በሬዎች ይታያሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ራሷ ታየች፤ አፏ ዝግ፣ ክራሯን እንደያዘች። ወዲያው እኔ። እኔ! ስለ ቃሏ ጥራት ስናገር፣ ጣቴን ቀስሬ። ረጅም ነው። አያልቅም። ያቋረጥኩበት ቦታ የለም፤ ቆርጠውታል።

ሲያልቅ አጨበጨቡ። ዞር ብለው ወደኔ አጨበጨቡ።

መጋቢት 14

መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። የድሮ ተማሪዎቼ፣ የማላውቃቸውም። እንዴት አማረብዎት። ወይንሸት፣ ጎረቤቴ፣ ድሮም እርስዎ ባይኖሩ ያቺ ሴት ምን ታውቃለች አለች። እግዜር ይስጥልኝ አልኩና ገባሁ።

ገበያ መውጣት ተውኩ። የምበላው ሽሮ አላጣም።

መጋቢት 19

መርሳ ሄድኩ፤ ብቻዬን። ደጁ ላይ ትንሽ ቆምኩና ገባሁ። ጠዋት ስለሆነ ሰው አልነበረም። ብርሌዎቹን ታጥባለች። ቀና ብላ አይታ መደቡን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

ፊልሙን አላየችም፤ ማን ያሳያታል። ምን አለበት ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ አልዘለልኩም። የሸክላው ድምፅ እንዳለ፣ እሷ ዝም ብላ እንደታየች፣ እኔ ብዙ እንደተናገርኩ።

«ያቋረጡኝ ቦታስ አለ?»

«የለም። ቆርጠው ጥለውታል።»

ብርሌውን ከብርሃኑ አንጻር አየችና አስቀመጠችው። ግጥም እየጠበቅሽ እንደሆነ አላወቅሁም አልኳት። ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር፤ እንዲህ ያለ ቤት ገብቼ አላውቅም። ሸክላውን ብቻ ነው የማውቀው…

ሳቀች። መሳቋ ከፋብኝ።

«ያችን የአቧራዋን ግጥም አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው የሰጠኝ። አዲስ አበባ ያደረሰኝ እሱ ነው። ድምፅ የሚቀዱበት ድረስ ገብቶ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጠጥቶም ነበር። አንቱ በቃል የያዙት እሱን ነው።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኩ። ቃሉ በአፌ አልለመደም።

«ይቅርታውስ ይቅር። እኔ ዘንድ ለብቻ መጥተው ቢነግሩኝ እኔማ አውቀዋለሁ፤ እዚያው ነበርኩ። ለማያውቁት ይንገሩልኝ። አልረሳችም ይበሉልኝ። እኔ ብናገር ሰበብ ነው የሚሉት፤ አንቱን ያምናሉ።»

ጠጅ ቀዳችልኝ። ባትቀዳልኝ ይሻለኝ ነበር። ጠጣሁት።

መጋቢት 20

እሑድ ነበር። አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል ብዬ ላክሁ። አላመመኝም።

መጋቢት 27

ሄድኩ።

ሙሄዲን ለእኔ የሚያስቀምጣትን ወንበር አቀረበልኝ። ሸክላውን ሊያስነሳ ሲል ቆይ አልኩት። ቆሜ ነገርኳቸው። አልታየች አልረሳችም፤ ግጥም ስትጠብቅ ተማሪ መስላኝ አቋረጥኳት፤ ሙሄዲን፣ አንተም ስትጠይቀኝ ሸፈንኩት። አጭር ነው። ሁለት ወር ሙሉ ምን አቃተኝ?

ዓለምነህ ፊቱ ቀላ። እኛ እኮ ያሾፉባታል ስንል አብረው ያዝኑ ነበር አለ። ቀጥሎ ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። ለትልቅ ሰው አይባልም ብሎ ነው። ቢለው ይሻል ነበር።

ሙሄዲን ሸክላውን ወደ ሽፋኑ መለሰው።

«ጠይቄዎት ነበር እኮ እትዬ» አለ።

የያዘውን ሱሪ መስፋት ቀጠለ። እኔም ተቀመጥኩ፤ መሄድም መቆየትም አስቸገረኝ። ዓለምነህ በመንገዱ ለሚያውቀው ሁሉ እናገራለሁ አለ፤ ባንክም ቢሆን፤ ገበያም ቢሆን። ስሜን ይጠራ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ጥራው አልኩት።

ከዚያ ሁለቱ እርስ በርስ ተነጋገሩ። በሚመጣው እሑድ መርሳ ሊወርዱ፣ እሷ ቤት ሊቀመጡ ነው። ክራሩን መልሳ ታነሳው ይሆናል። ሙሄዲን የሚሰጣትን ግጥም ከአሁኑ እያሰበ በከንፈሩ ያልጎመጉማል። ከቃሉ አንዱ ሲዛነፍ ሰማሁ። ዝም አልኩ።

አብረውን ይምጡ አላሉኝም። ልነሳ ስል ዓለምነህ የጠዋቱ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቀኝ። ነገርኩት።