ስለ ሳኒታሪያን ገብረትንሣኤ ዓምደሚካኤል አሟሟትና በዶሮ ማነቂያ በሮች ላይ ስለተሰቀሉት ሠላሳ አንድ ጨርቆች

ከጤና ጣቢያው ሠራተኞች ማኅበር
ፒያሳ፣ ማክሰኞ መጋቢት 26 ቀን 1970 ዓ.ም.

የጤና ጣቢያችን ሳኒታሪያን፣ የአካባቢ ጽዳት ተቆጣጣሪ፣ እንዲሁም የማኅበራችን መሥራች አባል አቶ ገብረትንሣኤ ዓምደሚካኤል ሐሙስ መጋቢት 14 ቀን 1970 ዓ.ም. በዶሮ ማነቂያ፣ በሥራ ላይ እንዳሉ፣ በጠመንጃ ሰደፍ ተደብድበው ተገድለዋል። ስለ አሟሟታቸው የወጡ ሌሎች ወረቀቶች «በድንገተኛ ሕመም» ብለዋል፤ ማኅበራችን እንዲህ ብሎ አይጽፍም። እጅግ አዝነናል፤ ከማዘንም አልፈን አንጀታችን ተቃጥሏል። ድንኳን መትከልም ማልቀስም ስለተከለከለ ሐዘናችንን የምንገልጸው በዚህ ጽሑፍ ነው።

አቶ ገብረትንሣኤ በ1928 ዓ.ም. በአጋሜ አውራጃ ተወልደው፣ ጎንደር የጤና ትምህርታቸውን ተከታትለው፣ በ1955 ዓ.ም. ወደ ጤና ጣቢያችን ተመድበው መጡ። የአትክልት ተራን የተደፈኑ ቦዮች ያስጠረጉ፣ የጋራ ሽንት ቤቶችን በኖራ ያስቀቡ እሳቸው ናቸው። ለአለቃ የሚመቹ ሰው አልነበሩም። ያዩትን ሳይጽፉ አያድሩም፤ የጻፉትንም እስኪነበብላቸው ድረስ በየቢሮው ይዘው ይዞሩ ነበር።

ሰኔ 1969። ከዶሮ ማነቂያ በታች ባለ አንድ ግቢ በውስጡ ያለውን ሽቦ ለማውጣት የመኪና ጎማ ማቃጠል ተጀመረ። ከሰልና ላምባ በጠፋበት በዚያ ክረምት ነዋሪው መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ ሰጋቱራ እያነደደ ያበስል ነበር። ከውጭ የጎማው፣ ከውስጥ የሰጋቱራው ጢስ ሕፃናቱን አነቃቸው። በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ከሠላሳ አንድ ቤቶች ስድስት ሕፃናት በሳምባ ምች ሞቱ። የሦስቱን ሣጥን ተሸክመው ወደ መቃብር ከወሰዱት አንዱ አቶ ገብረትንሣኤ ነበሩ።

መስከረም 1970። ግቢው እንዲዘጋ ሲያመለክቱ «ጢስ የሌለበት ከተማ የት አለ?» የሚል መልስ ተሰጣቸው። ስለዚህ ማስረጃ መሰብሰብ ጀመሩ። አቡጀዲ መዳፍ በሚያህል ቁራጭ እየቆረጡ፣ አጥበው፣ በየቤቱ ጉበን ላይ ሰቀሉ። በሳምንቱ ያወርዱትና የያዘውን ጥቀርሻ ከነጭ ወረቀት ጋር ያስተያያሉ። በዚያ ሳምንት ቤቱ ውስጥ ማን እንዳሳለ፣ ማን ትንፋሽ እንዳጠረው ከጎኑ ይመዘግባሉ። በእያንዳንዱ ጨርቅ ላይ የቤቱ ተራ ቁጥር ነበር። የጤና ጣቢያው ሰማያዊ ቀለም ስላለቀ ቁጥሩን የጻፉት በቀይ ነው። ቀይ ቀለም በነጭ ጨርቅ ላይ በዚህ ዘመን ምን ሊመስል እንደሚችል ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም።

ታኅሣሥ 1970። ሪፖርታቸውን አቀረቡ። ለግቢው በሚቀርቡት አሥራ ሁለት ቤቶች ጨርቁ በሦስት ቀን ይጠቁር ነበር። ከእነዚያው ቤቶች ደረታቸው ታሞ የመጡት ሕፃናት ራቅ ካሉት ቤቶች ከመጡት ሦስት እጥፍ ነበሩ። ሪፖርቱ መሳቢያ ገባ። ጨርቁ የጤና ጣቢያው መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለየቤቱ እንዲሰጥም ሦስት ጊዜ ጠየቁ። «ኮሚቴው ሲሰበሰብ» ተባሉ። የኮሚቴው አባላት እኛው ነበርን፤ አልተሰበሰብንም።

መጋቢት 14 ቀን 1970። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መሣሪያ የያዙ የሰፈር ጥበቃ አባላት በየበሩ የተሰቀለውን ጨርቅ አይተው የጠላት ምልክት ነው አሉ። የሦስት ልጆች እናት የሆኑት ወ/ሮ የሺዓለም «ኧረ የጥቀርሻ ነው ወንድሞቼ! ልጄ ታፍኖብኝ ነው ያሰቀልኩት፤ ጤና ጣቢያ ጠይቁ» ብለው ለመኗቸው። ደውለው ጠየቁም። ስልኩን ያነሳው የማኅበራችን ጸሐፊ አቶ አባይነህ ኃይለማርያም ነው። «እንዲህ ያለ ሥራ በመዝገባችን የለም» ብሎ መለሰ። በመዝገቡ አለመኖሩ እውነት ነበር፤ ጸሐፊው ግን ጨርቆቹን ያውቃቸዋል፣ በመቀሱ አብሮ ቆርጧቸዋል። ፈርቶ ነው። ይህን መግለጫ የጻፈውም እሱ ነው።

አቶ ገብረትንሣኤ የሳምንቱን ጨርቅ ሊያወርዱ የደረሱት ሴቶቹ በጥፊ እየተመቱ ወደ መኪና ሲጫኑ ነው። «ሴቶቹን ልቀቋቸው፤ የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ። ለመሸሽ ጊዜ ነበራቸው፤ አልሸሹም። ከጥበቃ አባላቱ አራቱ በሰደፍ ወረዱባቸው። ከወደቁም በኋላ ደረታቸው ላይ ተረገጠ፤ ጥርሳቸው ረገፈ፤ የያዙት መዝገብ በደም ራሰ። የአትክልት ተራ ተሸካሚዎች ጎመን በሚገፉበት ጋሪ ጭነው ሐኪም ቤት ቢያደርሷቸውም በር ላይ ሕይወታቸው አለፈ። ሰባት የጎድን አጥንት ተሰብሮ ሳምባቸውን እንደወጋው ሐኪሙ ጽፏል። አስከሬናቸው የተሰጠን በሦስተኛው ቀን ነው።

ወ/ሮ የሺዓለም፣ ወ/ሮ ወርቅአፈራሁና ሌሎች ሁለት እናቶች ከዚያች ዕለት ጀምሮ ታስረዋል። ዛሬ አሥራ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሁለቱ የሚጠባ ሕፃን ያላቸው ናቸው፤ ሕፃናቱን ጎረቤቶች እያጠቡ ነው። ትናንት ሌሊት ከዚያው እስር ቤት ስድስት ሰዎች ተወስደው እንዳልተመለሱ ሰምተናል፤ የነገውን አናውቅም። ጎማውም እስከ ዛሬ ይነድዳል።

ስለዚህ ለሠራተኛው፣ ለነዋሪውና ለሚመለከተው ሁሉ የምናስታውቀው ይህ ነው። ሠላሳ አንዱም ጨርቆች የጤና ጣቢያው ናቸው። በጤና ጣቢያው አቡጀዲ፣ በጤና ጣቢያው ቀለም፣ በጤና ጣቢያው ሠራተኞች እጅ ተዘጋጅተዋል። እናቶቹ ያደረጉት ነገር ቢኖር ልጆቻቸው አየር እንዲያገኙ መተባበር ብቻ ነው።

ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ምብራት፣ ለልጆቻቸው ለኪዳነማርያምና ለዓለምጸሃይ፣ በአጋሜ ላሉት እናታቸው እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጣቸው። ወ/ሮ ምብራት፣ የእርስዎን ይቅርታ የምንጠይቅበት አፍ የለንም። ከእርስዎ ቤት መጥተን ያልጮኽነው በእግድ ብቻ አይደለም፤ ፊትዎን ማየት ስላቃተን ነው።

ነገ ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስማችን ከዚህ ጋር በተያያዘው ወረቀት የተዘረዘረው አሥራ አንድ የማኅበሩ አባላት ነጭ ጋዋናችንን ለብሰን ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንሄዳለን። አራቱ እናቶች ተለቅቀው ስለ ጨርቆቹ እኛ እንድንጠየቅ እናመለክታለን። ከፊት የሚሄደው አቶ አባይነህ ነው። ሌሎቻችን ለቤተሰቦቻችን ነግረናል፤ እሱም የቤቱን ቁልፍ ዛሬ ለእህቱ ሰጥቷል።