እትዬ ማጥለያና በመዳፍ የሚቀልጠው በረዶ

ተማሪዎቻቸው «እትዬ ማጥለያ» የሚሏቸው ታላቅ እህታችን፣ ከግንበኛ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው የአባታችንን አሸዋ በወንፊት ይነፉ ነበር፤ ጠጠሩን ለብቻ፣ የዛገውን ሚስማር ለብቻ። እናታችን «ይቺ ልጅ የተደባለቀ ነገር ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

በ1968 ዓ.ም. የሳይንስ መምህርት ሆነው ተቀጠሩ። በ1972 ዓ.ም. ከአናጺ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ወንድ ልጃቸውን ወለዱ። ክፍል ሲገቡ አሸዋ፣ ጨውና የብረት ብናኝ በአንድ ሳህን ደባልቀው «በሉ ለዩልኝ!» ይላሉ። ብረቱን በማግኔት ያወጡታል፤ የቀረውን በውሃ በጥብጠው በጨርቅ ሲያጠልሉት አሸዋው ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ጨዋማው ውሃ ፀሐይ ላይ ተንኖ ሲያልቅ ጨው ሳህኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። አርፍዶ ሰበብ የሚደረድረውንም ተማሪ «አጥልለህ ንገረኝ» ስለሚሉት ስሙ በዚያው ወጣላቸው።

የዓመቱ የመጀመሪያ ትምህርታቸው ግን በረዶ ነበር። ለእያንዳንዱ ተማሪ በመዳፉ ቁራጭ በረዶ ያስይዙና ጠጣሩ ፈሳሽ እስኪሆን ማን እንደሚችለው ያያሉ። ልጃቸው ክፍላቸው ሲደርስ፣ ከሁሉ ቀድሞ «ቀዘቀዘኝ!» ብሎ የጮኸው እርሱ ነበር።

በዚያው በ1987 ዓ.ም. የሆነውን ዘለን ብናልፍ ይህ ታሪክ ውሸት ይሆናል። አልኮልን ከውሃ በማንጠር ለይተው ሊያሳዩ እሳት ላይ እንደጣዱት እንፋሎቱ የሚያልፍበት ቱቦ ተነቀለና ጠረጴዛው በነበልባል ተያዘ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ልጃቸውና አንዲት ተማሪ ነበሩ። እህታችን መጀመሪያ የሳቡት ልጅቷን ነው። ወደ ልጃቸው ሲመለሱ ቀኝ እጁ ተቃጥሎ ነበር።

«የሰው ልጅ አደራ ነው» አሉ። ወላጆች አመሰገኗቸው፣ ጎረቤት አደነቃቸው። ልጁ ግን «እኔስ?» ብሎ ጠየቀና አኮረፈ። በ1994 ዓ.ም. አባቱ እንዳረፉ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ፤ ስልክም አያነሳም ነበር። እህታችን ሆድ ይፍጀው ብለው እስከ ጡረታቸው፣ እስከ 2008 ዓ.ም. አስተማሩ፤ እሳት ግን ዳግመኛ ክፍል ውስጥ አልለኮሱም። «ትክክል ነበርሽ» ስንላቸው ይቆጡን ነበር። «ትክክል መሆኔ የልጄን እጅ መለሰው እንዴ?» ይሉ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በጉሮሮ ሕመም ተይዘው አልጋ ላይ ዋሉ። ውሃ መዋጥ ሲያቅታቸው ታናሽ እህታችን ለልጃቸው መልእክት ላከችበት፤ መጣ። ወቀሳ የለ፣ ይቅርታ የለ፤ አልጋው አጠገብ ቁጭ አለ። ነርሷ የሰጠችውን ቁራጭ በረዶ በዚያ በተቃጠለ እጁ ይዞ ከንፈራቸውን ያርስ ጀመር። በረዶው በመዳፉ ቀልጦ ሲንጠባጠብ አዩና፣ በሰለለ ድምፅ «ልጄ፣ አልቀዘቀዘህም?» አሉት።

«ቀዘቀዘኝ እማዬ!» አለ፣ እንደ ልጅነቱ ጮክ ብሎ። እህታችን ፈገግ አሉ። በማግስቱ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ።

ያ መዳፍ ከእሳቱ ወዲህ ሙቀትም ሆነ ቅዝቃዜ አይሰማውም። እናቱ ይህን እንዳያውቁ አባቱን ያስማለው ገና በልጅነቱ፣ ያውም ባኮረፈበት ሰሞን ነው። ዛሬ የተናገርነው በእርሱ ፈቃድ ነው።

እህታችን አንድ ልጃቸውን፣ እኛን ታናናሾቻቸውንና ያስተማሯቸውን ሁሉ ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በዕረፍት ይቀበልልን፤ ልጃቸውንም እርሱ ያጽናናልን። አሜን።