ስለ አሳንሰራችን ጊር ማማርና ስለ እናቴ አለመውረድ

ለተከበሩ የሕንፃዎች አስተዳደር ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ እንዴት እንደሰነበተ እጠይቃለሁ፤ ቢሮዎ ምድር ቤት ስለሆነ ደኅና መሆኑን አልጠራጠርም። እኛ ስምንተኛ ፎቅ ነን። አሳንሰሩ ዳግመኛ ከቆመ ወዲህ፣ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ያላት እናቴ ከቤት አልወጣችም። ሐኪሟ የእግሯን ሕክምና እየተመላለሰች ካልተከታተለች አትድንም ስላለን፣ ምስጋናዬን ሳልውል ሳላድር በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

፩. የአሳንሰሩ ጊር ጥርሱ ተበልቶ ሲያልቅ አዲስ ስላሠሩልን አመሰግናለሁ። ብረት የሚቀርጹት የቶርኖ ቤቱ ሰዎች እንደ ወጉ በእሳት አግለው፣ ዘይት ውስጥ ነክረው፣ ላዩ ጠንክሮ ቶሎ እንዳይበላ አድርገው አምጥተውት ነበር። እንዲህ የተሠራ ብረት ጠቁሮ ይወጣል። የርክክብ ኮሚቴዎ ግን አየት አድርጎ፣ ተቃጥሏል ብሎ መለሰው። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ኮሚቴ አይጥፋብን!

፪. በምትኩ እሳት ያልነካው፣ ብርማ ቀለም የተቀባ ጊር ተገጠመልን። ሙሽራ ይመስል ነበር። እርስዎ ሪባን ሲቆርጡ እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ምን ላድርግ፣ እናቴ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ እየጠበቀች ነበር። አንድ ቀን ወርዳ ፀሐይ ሞቀች። ከዚያ ቀለሙ ረገፈ፣ ጥርሱም እንደ ሳሙና አለቀ።

፫. አቤት ብንል ጆሮ ዳባ ልበስ አሉን ብዬ አላማዎትም፤ ሰምተው ሌላ ጊር አዘዋል። እንዳይጠቁር ግን በጥብቅ አስጠንቅቀዋል አሉ። ካፈርሁ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው። የቶርኖ ቤቱ ሰዎችም ታክቷቸው እሳት ሳያስነኩ ቀለሙን ደርበው ቀብተው ላኩት። ታጥቦ ጭቃ! ለዚህኛው እናቴ ጫማ አድርጉልኝ አላለችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ። ቅሬታ የሚያምረው ተስፋ ላለው ሰው ነው።

በወንበርዎ እንዲሰነብቱ ከመመኘት በቀር የሚሰጠው የሌለው፣ በደረጃው መካከል ቆሞ ትንፋሹን እየሰበሰበ ይህን የጻፈ፣ ውለታዎን እስኪሞት የማይረሳ፣

የስምንተኛ ፎቋ እናት የበኩር ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት የደረጃውን መታጠፊያ ለካሁት። የሬሳ ሣጥን ተጋድሞ አያልፍም፤ የሚያልፈው ቀጥ ብሎ ከቆመ ብቻ ነው። በሕይወት ሳለች በእግሯ ቆማ መውረድ ያቃታት እናቴ፣ በእርስዎ ጥረት ቆማ ትወርዳለች። ለዚህም እግዜር ይስጥልኝ።