ባዶ ውሃ የሚጠጣው መደብ

ጉለሌ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሮሐ፤

ትናንት ሁለቱም የባቄላ መደቦችሽ ተነቅለው ተመዘኑ። ልዩነት የላቸውም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ባልደረባሽ ወልዱ ነው፤ ነገ ወደ ሆላንድ ይመለሳል። ሚዛኑን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየ። "እማማ፣ ሙከራው ከሽፏል። የምርምር ኮሚቴው ከዘጋው የሮሐም ውል ያበቃል፤ ለገና እዚሁ ናት" አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው መሰለኝ።

አልከሸፈም። ሐምሌ ላይ በስልክ ያስረዳሽኝን አልረሳሁም፤ ፔፕታይድ የምትይው ሥሩ ራሱ የሚልከው ትንሽ መልእክት ነው። የሥሩን የሕዋስ ግድግዳ ያላላል፣ ጠቃሚው ባክቴሪያም ይገባል። አንዱ መደብ ከአረንጓዴው ማጠጫ ፔፕታይዱ የተበጠበጠበትን ውሃ፣ ሌላው ከነጩ ባዶ ውሃ ይጠጣ ብለሽ ነበር፤ ለማነጻጸር።

ነሐሴ ላይ አባትሽን ቀበርን። "እዚህ ላቦራቶሪ ያሉት ሥሮች ግድግዳቸው የሚላላው በዚህ ሳምንት ነው፤ ጥዬ መምጣት አልችልም" አልሽ። አጎትሽ መሸሻ ቀብር ላይ "ልጅቷስ?" ሲለኝ "ሥራ ላይ ናት" አልኩት። በሠልስቱ ደወልሽ። መጀመሪያ የጠየቅሽኝ ስለ ባቄላው ነው።

በማግስቱ መደቦችሽ ወዳሉበት ችግኝ ጣቢያ፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አብራኝ የምታጠጣው አስቻለች፣ ከአዲሱ ገበያ በእግሯ የምትመጣው፣ ነጩን ማጠጫ አስቀምጣ አረንጓዴውን ለሁለቱም መደብ እኩል ስታካፍል አገኘኋት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እትዬ የዓለምወርቅ፣ እነዚህ ምን በድለው ነው ባዶ ውሃ የሚጠጡት? የእንጀራ ልጅ ናቸው?"

ሃያ ሁለት ዓመት ችግኝ ያፈላሁ ሰው ነኝ። ያ መደብ ለምን ባዶ ውሃ እንደሚጠጣ አውቃለሁ። አልከለከልኳትም። በዚያ ቀን አልከለከልኳትም፤ እስከ መስከረም መጨረሻም አልከለከልኳትም። አንቺ በየሳምንቱ ስትደውዪ "ደህና ናቸው" እልሽ ነበር።

ለወልዱ አልነገርኩትም። ከተነገረ አስቻለች ትባረራለች፤ የቀን ሠራተኛ ናት፣ የሚሟገትላት የለም። እኔንም ይጠይቁኛል፤ ይጠይቁኝ። ካልተነገረ አንቺ ትመጫለሽ። የትኛውን እንደምመኝ አትጠይቂኝ።

ወልዱ እዚያ ብርዱ ከብዷል ስላለኝ ለአንቺ ጋቢ አስይዤዋለሁ። የአባትሽ ነው፤ አላጠብኩትም። እሱ ያመነው አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ይጠብቅሽ።

እናትሽ
የዓለምወርቅ

ኮሚቴው የሚወስነው ዓርብ ኅዳር 12 ነው ብሏል ወልዱ።