ለደሴቲቱ እስረኞች የቋጠርኩት ስንቅ

አትላንታ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ምራቴ ለማለት አፌ ለማይደፍራት፣ ለልጄ ለሉሊት፤

ጤናሽ እንዲበዛ፣ የማድቤቱ ጣሪያም እንደገና እንዳያፈስ እየተመኘሁ ነው የምጽፍልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይለግማል፤ አፌ ግን እንደምታውቂው ነው። ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አላመንኩትም። ወይዘሮ ዘውድነሽ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ወደዚያ ስለሚመጡ በእጃቸው ይሰጡሻል። አደራ፣ ብቻሽን አታንብቢው። ሥራ በማትገቢበት ቀን፣ በማለዳ፣ ጎረቤታችንን እትዬ ብዙነሽን ጥሪና አጠገብሽ ይቀመጡ። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ የሄድንበትን ልንገርሽ።

ልጄን ኤልፍነሽን ከሱዳን ስትመጣ የተቀበሏት ሚስስ ዶሮቲ የወፍ ፍቅር ያለባቸው ሴት ናቸው። ወፍ ለማየት ሁለት ቀን መኪና የሚነዳ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ዘንድሮ አየሁ። «እማዬ፣ ቫኬሽን ወስጃለሁ፣ ዶሮቲ ደሴት ልትወስደን ነው» አለችኝ ኤልፍነሽ። «ድራይ ቶርቱጋስ ይባላል። ድሮ እስር ቤት ነበር፣ አሁን ሰው ወፍ ሊያይ ነው የሚሄደው።»

ነበር ማለቷን ሰምቻለሁ። ግን እስር ቤት መቼ ባዶ ሆኖ ያውቃል ብዬ ሳምንት ሙሉ ስንቅ ሳሰናዳ ከረምኩ። ዳቦ ቆሎ ቆላሁ፣ ቋንጣ አደረቅሁ፣ በሶ በቅቤ አሸሁ። ኤልፍነሽ «ሳንድዊች ፓክ አድርጌያለሁ እኮ፣ ይኼ ሁሉ ለማነው?» ብትለኝ «ለተገኘው» አልኳት። እስር ቤት ባዶ እጅ አይኬድም።

ከመኪናው ወርደን ጀልባ ያዝን። ለብዙ ሰዓት የመሬት ዘር ሳናይ ከሄድን በኋላ ከባሕሩ መካከል የጡብ ግንብ ብቅ አለ። ደሴቶቹ ሰባት ናቸው፤ የሚጠጣ ውሃ ግን ጠብታ የላቸውም። በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ የከዱ ወታደሮችን የሚያስሩት እዚያ ነበር አሉኝ። ዛሬ ጎብኚው መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል፣ ከዓመት ዓመትም እየበዛ ነው። ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ነጭ የሆነ ወፎች አጠገቡ ያለውን ደሴት በሺህ በሺህ ሞልተውታል። እንቁላላቸውን አሸዋ ላይ ስለሚጥሉ ሰው እንዳይረግጥባቸው ተከልክሏል። አሁን የሚጠበቁት እነሱ ናቸው።

የግንቡ በር ላይ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ዘበኛ ቆማለች። ልጄ፣ እጄ ከእኔ ሳይማከር ነው የሠራው። ሰልፍ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ የምሳ ዕቃውን ክዳን ሁሉ ከፈትኩ፤ ያው እንደ ልማዳችን ከየአንዳንዱ ቀምሼ አሳየኋትና አንገቴን ደፍቼ እንድትፈትሽ አቀረብኩላት። «እማዬ፣ ሬንጀር ናት እኮ፣ ቼክ አታደርግም» ትለኛለች ኤልፍነሽ በእፍረት። ዘበኛዋ ግን የምጋብዛት መስሏት ከዳቦ ቆሎው ዘግና በላችና አመሰገነችኝ። ዘበኛ ሲያመሰግን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ውስጥ ማንም የለም ወይ? ብለሽ ጠይቂልኝ» አልኳት ኤልፍነሽን።

«የለም ትላለች፣ እማዬ። ከሄዱ መቶ ዓመት አልፏቸዋል።»

እዚያው በሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ይህን ቃል ከሌላ ዘበኛ ሰምቼው ነበርና።

ሉሊት፣ አሁን የእትዬ ብዙነሽን እጅ ያዢ። በ1972 ዓ.ም. በኅዳር፣ እንደ ልማዴ እሑድ ስሄድ፣ የእስር ቤቱ ዘበኛ «ዘገዬ የለም፣ ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አለኝ። ልጄን፣ ባልሽን፣ ገድለውት ነበር። ቤት ስመለስ በር ላይ ቆመሽ «በላ?» አልሽኝ። ከሱ ጋር ስምንት ወር ብቻ ነበር የኖርሽው። «በላ» አልኩሽ። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ተኩል በየእሑዱ አገልግሉን ይዤ እወጣና ምግቡን በሩ ላይ ለማገኛቸው ከገጠር ባዶ እጃቸውን ለመጡ ሰጥቼ፣ ባዶውን ይዤልሽ እመለስ ነበር። «አንቺ ቅሪ፣ አሮጊት አይተናኮሉም» እያልኩ ያላስጠጋሁሽ ለዚህ ነው።

ወደዚህ ስመጣ አገልግሉን ለአንቺ ሰጠሁሽ። በመጀመሪያው እሑድ የሚነግሩሽን አውቅ ነበር። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ እኔ ግን ለዘበኛ ትቼሽ ባሕር ተሻግሬ ሸሸሁ። አፈር ስሆን ይቅር በይኝ። የባሰው ደግሞ ይኸውልሽ። ደብዳቤሽ መጣ፣ «ዘገዬ ሽሮውን ጠርጎ በላ፣ ጨው አነሰው ብሎ ላከብኝ» ይላል። ያኔውኑ ገባኝ። ዘገዬ ድንጋይ ብትቀቅይለት ጨው አነሰው የሚል ልጅ አልነበረም። እኔ እንዳልሰበር ብለሽ የሆድሽን በሆድሽ መያዝሽን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ልጄ የሚበላው ደብዳቤሽ ላይ ብቻ ስለነበር ሦስት ዓመት አስዋሸሁሽ። ያንቺን ዕድሜ በላሁት።

ለኤልፍነሽም እዚያው ደሴቱ ላይ ነገርኳት። አልቅሰን ሲወጣልን ስንቁን ወፍ ለሚያዩት ሁሉ አከፋፈልን። ሚስስ ዶሮቲ ቋንጣው አቃጥሏቸው ውሃ በሌለበት ደሴት «ውሃ! ውሃ!» ሲሉ ሳቅ አመለጠን። ለዘገዬ ዝክር ይሁንልኝ ብያለሁ።

አሁን ወንድሙ ስለሚባለው ሰው። ሞኝ አታድርጊኝ። ባለፈው ደብዳቤሽ ስሙን አምስት ጊዜ አንስተሽዋል፤ ጣሪያ ጠገነ፣ ጎመን አመጣ፣ እትዬ ብዙነሽን ሐኪም ቤት አደረሰ። ሰው ለጎመን ብቻ እንዲህ አይመላለስም። ሠላሳ አምስት ዓመትሽ ነው፣ ልጄ። ደግ ሰው ከሆነ እሺ በይው፣ እናቴ ፈቅዳለች በይው። ስትወልጂ ልጁ የልጅ ልጄ ነው፤ በዚህ አልከራከርም።

እመብርሃን ከፊትሽም ከኋላሽም ትሁን። ባዶ የነበረው ቤትሽ ይሙላ፣ ያነባው ዓይንሽ ይሳቅ። አገልግሉን አጥበሽ ግድግዳ ላይ ስቀዪው፣ ከእንግዲህ ስንቅ አታመላልሺ። መልስ ስትጽፊልኝም እሱ ምን እንደበላ አትንገሪኝ። አንቺ ምን እንደበላሽ ጻፊልኝ።

እናትሽ
የሺእመቤት