ከቺንጋው ላይ የተፈታው ሽፋን

ሰኞ፣ ጥር 7
የጓደኛዬን የገመቹን ቀኝ እጅ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ጎተተው። ሦስት ጣት ቆረጠበት። ሮጬ ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይህ ይጻፍልኝ። ከቡና መፈልፈያው እስከ መቱ ሆስፒታል ተሸክመነው ስንሄድ፣ «ከቡና ጆንያ ትከብዳለህ» ብዬ ላስቀው ሞከርኩ። በኔ ቀልድ ሳይስቅ ሲቀር የመጀመሪያው ነው።

የቺንጋው የብረት ሽፋን ከኅዳር ጀምሮ ተፈትቷል። ቺንጋው ቶሎ ቶሎ እየወለቀ ሲያስቸግር አለቃችን ካፖው፣ «ማን በየጊዜው ብሎን ይፈታል!» ብሎ ሽፋኑን አስጣለው። እኔና ገመቹ ጓሮ ሦስት ድንጋይ ላይ ጥደነው በቆሎ ስንቆላበት ከረምን።

ማክሰኞ፣ ጥር 8
ጋሼ ታደለ ቢሮ ጠሩኝ። የመፈልፈያው ጸሐፊ ናቸው፤ ማታ ማታ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዬ። «የክፍሉ አንበሳ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው (አልተሳሳቱም)። ወንበር ሰጡኝ። «ገመቹ ሕክምናው እንዲሸፈንለት ምስክር ያስፈልጋል» አሉኝ። ካፖው ወረቀቱ ላይ በጣቱ አትሟል። የአሻራ ቀለሙን ወደኔ ሲገፉት ሳቅኩ። «እሱ ላልተማረ ነው!» ብዬ ብዕር ተቀበልኩ። ፊርማዬ ጅራት አላት፤ ሁለት ጊዜ ተጠማዝዛ ነው የምታበቃው። ጋሼ ታደለ አጨበጨቡልኝ።

ወረቀቱን አነበብኩት ወይ? ጅራቷን ነበር የማየው።

ረቡዕ
ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሠራተኛው «አንብብልን» አለኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደ ሬዲዮ ጀመርኩ። «ሽፋኑ በቦታው እያለ፣ ሠራተኛው ገመቹ ያለ ፈቃድ ራሱ ፈትቶ፣ በራሱ ጥፋት...» ከታች የምስክር ስም፤ የኔ፣ ከነጅራቷ።

ጥፋቱ የራሱ ነው ከተባለ ካሳ የለውም፤ ከሥራም ይባረራል።

ቡና ለቃሚዋ እትዬ ዘነበች፣ «አዬ የተማረ!» አሉኝ። እኔን!

ሐሙስ
ታደለ ቢሮ ገብቼ፣ «ፊርማ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አልኩት። «ሳታነብ ፈርም ብዬ አላስተማርኩህም» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። ከዛሬ ጀምሮ ታደለን አንቱ አልልም፤ ጋሼም አልለው።

ሽፋኑን ከጓሮ አጣሁት። ሄጄ ባይ ቺንጋው ላይ ታስሯል፤ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ነገ ስለ አደጋው የሚመረምር ሰው ይመጣል አሉ።

ዓርብ
መርማሪው መጣ። ካፖው፣ «ሽፋኑ ሁልጊዜም እዚሁ ነው፣ ጓድ» አለ። ምስማር አንስቼ ቀለሙን ጫርኩት። ከሥሩ ጥላሸት። ጠርዙ ላይ ያረረ በቆሎ።

«ጓድ፣ ይሄ ከኅዳር ጀምሮ ቆሎ መቁያችን ነው።»

«ፊርማው ያንተ አይደለም እንዴ?» አለ መርማሪው።

«የኔ ነው። ወረቀቱን አላነበብኩትም።»

ሰው ሁሉ ሰማ። ታደለ መሬት መሬት ያያል።

«እንግዲያው ቃልህን ራስህ ጻፍ» አለኝ መርማሪው። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ተቀብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ካፖው ግን በጆሮዬ፣ «ሰኞ እንተያያለን» አለኝ።

ቅዳሜ
ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ትናንት የጻፍኩትን ለገመቹ አንድ በአንድ ነገርኩት። ከዚያ፣ «የማክሰኞው ፊርማስ? እትዬ ዘነበች መጥተው ነግረውኛል» አለኝ። እሱንም ነገርኩት፤ ጭብጨባውን ሳይቀር።

«አቲ?» አለኝ በኦሮምኛ። አንተ?

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቀልድ ፈለግኩ፤ አንድም አልመጣልኝ። ልነሳ ስል በግራ እጁ ብርቱካኑን ወደኔ ገፋው።

«ላጥልኝ። እኔ አልችልም።»

ላጥኩለት። ይቅር ብሎኝ ይሁን ርቦት አላወቅኩም።