እማዬ ያልገደፈችው ፋሲካ

ለወንድም ዓለሜ ለማዕረግ፣ ህንድ አገር።

ትምህርትህም ጤናህም እንደምን ነው? ከሸሕዲ ሙቀት ያንተ ናፍቆት ብሶብናል እንጂ እኛስ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች። ለሰሊጡም መሬት እያረስን ነው።

ለእንስሳት አዝነህ ሥጋና ወተት እርም ማለትህን ለእማዬ አነበብኩላት። እሷ ግን «ልጄ ጾም ይዟል» አለች። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ባቀርብላት «እሱ ሳይገድፍ እኔ ልገድፍ?» ብላ ወደ ልጆቼ ገፋችው። እስካሁንም ወተት አልቀመሰችም። ያንኑ በሁዳዴ ያጠበብኩላትን ቀሚስ ትናንት እንደገና አጥብቢልኝ አለች።

ተው አልልህም። ክረምቱ ሳይገባ ብትመጣ ግን የሰሊጥ ፍትፍት ሠርቼ ከአንድ ገበታ አበላችሁ ነበር።

አምላክ መንገድህን ወደኛ ያቅናልህ። እማዬ አጠገቤ ሆና «መቼ እንደሚገድፍ ጠይቂልኝ» ትላለች።

እህትህ አየሁሽ